አንድ ወገብ፣ የማይነጋገሩ ሁለት ባለሙያዎች

ወገቡን የሚያመው ሰው ብዙ ጊዜ የሚደብቀው ነገር አለ። ሐኪም ፊት ሲቀመጥ ትናንት ያሸውን ሰው አይጠቅስም። የሚያሸው ሰው ዘንድ ሲሄድ ደግሞ ሐኪሙ ያዘዘለትን ክኒን አያነሳም። ውሸታም ሆኖ አይደለም፤ ሁለቱም እንደሚቆጡት ስለሚያውቅ ነው። አንደኛው «እዚያ ምን ሊሠሩ ሄዱ?» ይለዋል፣ ሌላው «ይሄ ክኒን ጨጓራህን ከመላጥ በቀር ምን ያደርግልሃል?» ይለዋል። ስለዚህ ለሁለቱም ይከፍላል፣ ለሁለቱም ዝም ይላል።

ይህ የአዲስ አበባ ወይም የደሴ ጉዳይ ብቻ ቢመስል አይገርምም። ግን ለጤና ከማንም አገር በላይ ገንዘብ በምታፈሰው አሜሪካም ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል የሆነው ይኸው ነው። እዚያ በእጁ የሚያክመው ባለሙያ ካይሮፕራክተር ይባላል። አከርካሪንና መገጣጠሚያን ተጭኖ፣ ገፍቶ፣ አንዳንዴም «ቀጭ» አድርጎ ያላላል። ዛሬ ከኮሌጅ በኋላ አራት ዓመት ገደማ ይማራል፣ ፈተና ወስዶ ፈቃድ ያወጣል፣ «ዶክተር» ተብሎ ይጠራል፤ በጥቅሉ ግን መድኃኒት አያዝም፣ ቀዶ ሕክምናም አይሠራም። በአማርኛ ስም ይውጣለት ቢባል ብዙ ሰው «የፈረንጅ ወጌሻ» ማለቱ አይቀርም። ግማሹ ልክ ነው፤ ልክ ያልሆነው ግማሽ ቆየት ብሎ ይነሳል።

በዚህ ሙያና በሐኪሞች መካከል የነበረው ረጅም ጠብ፣ ከጠቡም በኋላ የመጣው ቀዝቃዛ ግን ጠቃሚ ትብብር፣ ወጌሻና ጤና ጣቢያ በአንድ ቀበሌ እየኖሩ ለማይተዋወቁባት ኢትዮጵያ የሚናገረው ነገር አለው። መጀመሪያ ግን ጠቡ።

እ.ኤ.አ. በ1895 በአይዋ ግዛት ዳቨንፖርት በምትባል ከተማ ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር የሚባል ሰው ነበር። ሐኪም አይደለም፤ በማግኔት ኃይል እፈውሳለሁ እያለ ይሠራ ነበር። ሃርቪ ሊላርድ የተባለ፣ በሕንፃው ውስጥ በጽዳት ሥራ የሚተዳደር ጥቁር አሜሪካዊ ጆሮው ለዓመታት ደክሞበት ነበር። ፓልመር የሰውየውን ጀርባ ዳብሶ ከቦታው ወጣ ያለ አጥንት አገኘሁ አለ፣ ተጫነው፣ ከዚያም ሊላርድ መስማት ጀመረ ብሎ ተረከ። ጀርባ ሲጫኑት ጆሮ የሚከፈትበትን መንገድ የሰውን አካል ያጠና ሰው ዛሬም ማስረዳት አይችልም። ፓልመር ግን ከዚህ ገጠመኝ ተነስቶ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ከበሽታ ሁሉ 95 በመቶው የሚመጣው ከቦታው ከተናጋ አከርካሪ ነው ብሎም ጻፈ።

እዚህ ላይ ሐኪሞቹ መቆጣታቸው አግባብ ነበር። የስኳር በሽታን፣ ፈንጣጣን፣ ኩፍኝን ሁሉ ከአከርካሪ የሚያመጣ ሰው በቁጣ እንጂ በፈገግታ አይታለፍም። ፓልመር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1906 ያለ ፈቃድ ሲያክም ተገኝተሃል ተብሎ ታሰረ። ብዙ ተከታዮቹም ታሰሩ። ግን ሕዝቡ መሄዱን አልተወም፤ ወገቡን የሚያሽለት አግኝቷላ! ካንሳስ እ.ኤ.አ. በ1913 ለሙያው ፈቃድ መስጠት ጀመረች፤ የመጨረሻዋ ሉዊዚያና ደግሞ በ1974። በሁለቱ መካከል 61 ዓመት አለ። ያ ሁሉ ዘመን አንዱ ግዛት ፈቃድ ሲሰጥ ሌላው ያስር ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ነገሩ ከቁጣ ወደ ዕቅድ ተሸጋገረ። የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1963 ሐሰተኛ ሕክምናን የሚከታተል ኮሚቴ አቋቋመ። የኮሚቴው ዋና ግብ ካይሮፕራክቲክን መግታት፣ በኋላም ማጥፋት ነበር። ማኅበሩ በ1966 ሙያውን ሳይንስ የሌለው እምነት መሰል ነገር ሲል ፈረጀው። በሥነ ምግባር ደንቡም አንድ ሐኪም ከካይሮፕራክተር ጋር በሙያ መተባበር ነውር ሆነ።

ይህ ቃል በወረቀት ላይ ሲነበብ ቀላል ይመስላል። በተግባር ግን ሐኪሙ ወደ ካይሮፕራክተሩ በሽተኛ መላክ አይችልም፣ ከእሱ የተላከውንም መቀበል ያስወቅሰዋል። በሆስፒታል የተነሳ ራጅ ለሌላኛው አይሄድም። ሁለቱ በአንድ መድረክ አያስተምሩም፣ በአንድ ጣሪያ ሥር አይሠሩም። በሽተኛው ግን በሁለቱም በር መግባቱን ቀጠለ። እገዳው በሽተኛውን ያስቀረው ከመሄድ ሳይሆን ከመናገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1976 ቼስተር ዊልክ የሚባል የቺካጎ አካባቢ ካይሮፕራክተር ከአራት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ማኅበሩን ከሰሰ። የክሱ መሠረት የሕክምና ሕግ አልነበረም፤ ነጋዴዎች ተመሳጥረው ተፎካካሪን እንዳያፍኑ የሚከለክለው የሸርማን ሕግ ነበር። ስሙን ያልገለጸ የውስጥ ሰው ከማኅበሩ ያወጣቸው ሰነዶች ለክሱ ትልቅ ጉልበት ሰጡት። በመጀመሪያው ችሎት ካይሮፕራክተሮቹ ተሸነፉ፣ ይግባኝ ብለው ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ አስደረጉ። በመጨረሻ ዳኛ ሱዛን ጌትዘንዳነር እ.ኤ.አ. በ1987 ማኅበሩ ሕግ ጥሷል ስትል ፈረደች። ትእዛዙም ማኅበሩ በገዛ የሕክምና መጽሔቱ ላይ እንዲታተም ተደረገ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ1990 ውሳኔውን አጸናው።

ይህን ፍርድ ካይሮፕራክተሮች ሲያነሱት «ሳይንሱ ተረጋገጠልን» እንደተባሉ አድርገው ነው። እንደዚያ አልተባለም። ዳኛዋ ካይሮፕራክቲክ ይፈውሳል አላለችም። እንዲያውም ማኅበሩ በዚያ ዘመን ሙያውን የሚጠራጠርበት ብዙ ማስረጃ በእጁ እንደነበር ተቀብላለች። ያለችው ሌላ ነው፦ ለበሽተኛ መጨነቅ ተገቢ ነው፤ ግን ያን ጭንቀት ሰውን ሁሉ ከሰው ጋር ከማቆራረጥ ባነሰ መንገድ ማሟላት እንደማይቻል ማኅበሩ አላሳየም። የፍርዱ ዋና ፍሬ ይህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው። አለማመን ይቻላል። መጠየቅ፣ መተቸት፣ «ይሄ ውሸት ነው» ብሎ መጻፍ ይቻላል። በማኅበር ተስማምቶ አለመነጋገር ግን ሌላ ነገር ነው።

ከፍርዱ በኋላ ፍቅር አልመጣም። የመጣው ወረቀት ነው። ወታደር ሆነው ያገለገሉትን የሚያክመው የአሜሪካ መንግሥት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2002 በጸደቀ ሕግ ካይሮፕራክተር እንዲቀጥር ታዘዘ፤ በ2004 መጨረሻም አገልግሎቱን በሆስፒታሎቹ ጀመረ። እዚያ ካይሮፕራክተሩ ብቻውን ሱቅ ከፍቶ የተቀመጠ ሰው አይደለም። ሐኪሙ የሚጽፍበትን የበሽተኛ ፋይል እሱም ከፍቶ ያነባል፣ እሱም ይጽፍበታል። ሐኪሙ «ይህ ሰው የካንሰር ታሪክ አለው» ብሎ ጽፎ ከሆነ የሚያሸው እጅ ከመነሳቱ በፊት ያውቀዋል።

ውጤቱስ? እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት ወገባቸውን የሚያማቸው 750 በሥራ ላይ ያሉ የአሜሪካ ወታደሮችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ለአንዱ ቡድን የተለመደው ሕክምና ብቻ፣ ለሌላው በላዩ ላይ የካይሮፕራክተር እንክብካቤ ተሰጠ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሁለተኛው ቡድን ሕመሙም ቀነሰለት፣ እንቅስቃሴውም ተሻለው። ልዩነቱ ተአምር አይደለም፤ መካከለኛ ነው። የታየውም ለአጭር ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት በ2017 የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ ለወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ሙቀት፣ መታሸት፣ አከርካሪን በእጅ ማላላት፣ እንቅስቃሴ የመሳሰሉት ይቅደሙ ብሎ መክሮ ነበር፤ ማስረጃው ጠንካራ አለመሆኑን ግን አልሸሸገም። የዓለም ጤና ድርጅትም በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለቆየ የወገብ ሕመም በእጅ ማላላትን ከአማራጮቹ አንዱ አድርጎ አስገብቶታል፤ በወገብ ላይ የሚታሰር ቀበቶንና ጠንካራ ማደንዘዣ የሆኑትን ኦፒዮይዶች ግን አልደገፈም።

እንዲህ ያለ «መካከለኛ» ውጤት ለጋዜጣ ርዕስ አይሆንም። ግን በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ የወገብ ሕመም የነበረባቸው ሰዎች 619 ሚሊዮን እንደሚሆኑ ተገምቷል። ሰውን ሳይገድል ከሥራና ከኑሮ በማስቀረት ከበሽታዎች ሁሉ ቀዳሚው እሱ ነው። እንዲህ ላለ በሽታ መካከለኛ እፎይታ ትንሽ አይደለም። በተለይ ሌላው አማራጭ የአሜሪካን ቤተሰቦች ያፈረሰው የኦፒዮይድ ክኒን በሆነበት አገር። ሐኪሞቹ ካይሮፕራክተሩን በሳይንስ እጦት ሲከሱ በኖሩበት እጃቸው ያንን ክኒን ሲጽፉ መክረማቸው የሚያስተዛዝብ ነው።

ነገሩ የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ላይ የሚወድቀው ለምንድን ነው? ወገቡን የሚያመው ሰው በቀጥታ ወደ አጥንት ቀዶ ሐኪም ስለማይሄድ ነው። መጀመሪያ የሚሄደው ሠፈሩ ውስጥ ወዳለው ነው። ከሚመጡት ውስጥ አብዛኞቹ ምንም አደገኛ ነገር የለባቸውም፤ ጊዜና እንቅስቃሴ ያድናቸዋል። ጥቂቶቹ ግን አለባቸው። ሽንት መቆጣጠር ያቃተው፣ መቀመጫው አካባቢ የደነዘዘው፣ ክብደቱ እየቀነሰ ሌሊት የሚያልበው፣ ትኩሳት ያለው፣ በዕድሜ ገፍቶ የወደቀ፣ ካንሰር ታክሞ የሚያውቅ። ለእነዚህ ሰዎች እጅ ማሳረፍ አይገባም፤ መላክ ነው። በዚህ ደረጃ የመጀመሪያው ጥበብ ማከም ሳይሆን መለየት ነው። የሚለየው ሰው ነጭ ጋውን ለበሰ አልለበሰ ለበሽተኛው ለውጥ የለውም፤ መለየቱን ማወቁና የት እንደሚልክ ማወቁ ነው የሚለውጠው።

የአንገቱ ጉዳይ ይህንን በግልጽ ያሳያል። አንገትን በፍጥነት ማዞር ወደ አንጎል የሚወጣውን የደም ሥር ሊሰነጥቅ፣ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል የሚል ሥጋት አለ። ብርቅ ነው፤ ግን የደረሰበት ሰው ብዙ ጊዜ ወጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በካናዳ ኦንታሪዮ የተሠራ ትልቅ ጥናት ግን ያልተጠበቀ ነገር አሳየ፦ እንዲህ ያለው ስትሮክ ካይሮፕራክተር ጋ ከመሄድ ጋር የሚዛመደውን ያህል የቤተሰብ ሐኪም ጋ ከመሄድም ጋር ይዛመዳል። የቤተሰብ ሐኪሙ ደግሞ አንገት አላዞረም። ስለዚህ አጥኚዎቹ እንዲህ ገመቱ፦ የደም ሥሩ አስቀድሞ መሰንጠቅ የጀመረበት ሰው አንገቱንና ራሱን ያመዋል፣ ሕመሙም ወደ አንዱ ይወስደዋል። ሁሉም አልተስማማም፤ ክርክሩ አሁንም አለ። ግን የትኛውም ወገን ቢረታ ለሥራው የሚወጣው ትእዛዝ አንድ ነው። አንገቴን አመመኝ ብሎ የመጣ ሰው ሕመሙ ከዚህ በፊት የማያውቀው ዓይነት ከሆነ፣ ከማዞርም ክኒን ሰጥቶ ከመሸኘትም በፊት ሌላ የሚጠራጠር ዓይን ያስፈልጋል። ያ ሌላ ዓይን ደግሞ ስልክ ሲደወልለት የሚያነሳ መሆን አለበት።

ዴንማርክ በዚህ ብዙ አልተጨቃጨቀችም። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ካይሮፕራክተር በሕግ የታወቀ የጤና ባለሙያ ነው። በኦዴንሴ ከተማ ባለው የደቡብ ዴንማርክ ዩኒቨርሲቲ የሚሠለጥኑት ካይሮፕራክተሮች ብዙውን የመጀመሪያ ትምህርት ከሕክምና ተማሪዎች ጋር አብረው ይወስዳሉ። በአንድ ክፍል ተቀምጠው በአንድ ፈተና የወደቁ ሰዎች በኋላ መደዋወል አይከብዳቸውም።

በሌላ በኩል ካይሮፕራክተሩን ማጽዳትም አይገባም። እስከ ዛሬ በአሜሪካ ለወገብ የመጣን ሰው የሠላሳ ቀጠሮ ጥቅል የሚሸጥ አለ። ምንም ሳይጠረጥር ለሁሉም ራጅ የሚያነሳ አለ። ክትባትን የሚቃወም፣ የሕፃን ቁርጠትንና የጆሮ ሕመምን በአከርካሪ አድናለሁ የሚል አለ። ይህ የፓልመር ትርፍ ነው፤ ሐኪም ከእንዲህ ዓይነቱ ጋር አልሠራም ቢል ልክ ነው። ትብብሩ በሠራባቸው ቦታዎች ሁለቱም የተውት ነገር አለ። ካይሮፕራክተሩ «ሁሉም በሽታ ከአከርካሪ ነው» የሚለውን ትቶ ወገብ፣ አንገትና መገጣጠሚያ ላይ ተወሰነ። ሐኪሙ ደግሞ «በሽተኛው የእኔ ነው» የሚለውን ተወ። የቱ ይበልጥ እንደከበደ ለመናገር ያስቸግራል።

ይህ ነገር ለሐበሻው ሩቅ ወሬ አይደለም። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ታክሲ የሚነዳ አንድ አበሻ ይታሰብ። በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ይቀመጣል። አንድ ቀን ከኋላ ይገጩታል፤ ጉዳዩን የያዘለት ጠበቃ ወደ ካይሮፕራክተር ይልከዋል። ቀጠሮው በሳምንት ሁለቴ ነው፣ ይታሻል፣ ይላላል፣ ደስ ይለዋል። የቤተሰብ ሐኪሙ ደግሞ ስለ ስኳሩና ስለ ደም ግፊቱ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ስለ መታሸቱ አልነገረውም፣ ሐኪሙም አልጠየቀም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስድ ይሆናል፤ ካይሮፕራክተሩ ያንን አያውቅም። በክረምት አገር ቤት ሲገባ እናቱ «ና ልጄ፣ እዚህ ጥሩ ወጌሻ አለ» ትለዋለች። እምቢ ማለት አይቻልም፤ የእናት ነገር ነው። ሦስት ባለሙያ አንድ ወገብ ላይ ሠራ፤ ሦስቱም ስለ ሌሎቹ አልሰሙም። የሰውየውን ሙሉ ታሪክ የሚያውቀው ራሱ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የትኛው አስፈላጊ እንደሆነ አያውቅም።

ወጌሻው ላይ ስንደርስ ያ የቀረው ግማሽ ይመጣል። ካይሮፕራክተር የፈረንጅ ወጌሻ አይደለም፤ የተማረው ሌላ ነው፣ ፈቃዱ የተጻፈ ነው፣ ቢያጠፋ የሚከሰስበት ቦታ አለ። የኢትዮጵያ ወጌሻ ሙያውን ከአባቱ ወይም ከአጎቱ የወረሰ ነው። የሚያሸውም ብቻ አይደለም፤ የተሰበረ ያስራል፣ የወለቀ ይመልሳል። በቀርከሃ ስንጥርና በጨርቅ የታሰረ ክንድ ያላየ ኢትዮጵያዊ ብዙ አይደለም። ክብሩም ትልቅ ነው፤ የእግር ኳስ ዘጋቢዎች ሳይቀሩ ሻንጣ ይዞ ወደ ሜዳ የሚሮጠውን የቡድኑን ባለሙያ እስከ ዛሬ «ወጌሻ» ነው የሚሉት። አንድ ሙያ ስሙን ለዘመናዊው ተተኪው ካወረሰ ሕዝቡ ልብ ውስጥ ያለው ቦታ የዋዛ አይደለም።

አደጋውም እንደ ክብሩ ትልቅ ነው። አጥንት ሲሰበር አካባቢው ያብጣል። በስንጥር ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ እጅ ሲያብጥ መሄጃ ያጣል፤ ደም መዝለቅ ያቆማል፤ ጡንቻው በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። ልጁ ያለቅሳል። «ሕመሙ የመዳኑ ነው፣ ቻል አድርገው» ይባላል። ከዚያ ማልቀሱን ይተዋል፤ ቤተሰቡ ተሻለው ብሎ ደስ ይለዋል። የተወው ግን ነርቩ ስለሞተ ነው። ጣቶቹ ጠቁረው ሆስፒታል ሲደርስ ለቀዶ ሐኪሙ የሚቀርለት ሥራ መቁረጥ ነው። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የሚሠሩ ቀዶ ሐኪሞች ስለ ወጌሻ ሲነሳ ፊታቸው የሚለዋወጠው በትዕቢት አይደለም፤ የስምንት ዓመት ልጅ ክንድ ስለቆረጡ ነው። ይህን ያላየ ሰው ስለ ባህላዊ ሕክምና ጥበብ ባይደሰኩርባቸው ጥሩ ነው።

ሌላም አለ። ኢትዮጵያ የሳንባ ነቀርሳ ጫና ከበዛባቸው የዓለም አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት። ቲቢ ደግሞ ሳንባ ላይ ብቻ አይቀመጥም፤ አከርካሪን ይበላል። የአከርካሪ ቲቢ ሲጀምር ተራ የጀርባ ሕመም ይመስላል። ልጁ ይከሳል፣ ማታ ያልበዋል፣ ጀርባው ቀስ እያለ ይጎብጣል። በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው፤ ግን የላሸቀውን አጥንት በእጅ የተጫነ ሰው ኅብለ ሰረሰሩን ሊጎዳ፣ እግሩን ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ባይጎዳው እንኳ በቅቤ ሲታሽ ያለፈው ሦስት ወር መድኃኒቱ ያልተጀመረበት ሦስት ወር ነው።

እና ወጌሻውን እንዝጋው? አሜሪካኖቹ ያንን ሞክረዋል፤ ሐኪም በየመንደሩ እያላቸው አልሆነላቸውም። የኢትዮጵያ አጥንት ሐኪም ደግሞ የሚገኘው በትልልቅ ከተሞች ነው። ከገጠር ልጁ እጁን የተሰበረበት አባት የመኪና ገንዘብ፣ የአልጋ ገንዘብ፣ የራጅ ገንዘብ አስቦ ከጎረቤት ያለውን ወጌሻ ቢመርጥ ድንቁርና ነው ማለት ድፍረት ነው። ሒሳብ ነው የሠራው።

መንገድ ግን አልጠፋም። አንድ ኢትዮጵያዊ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2005 በብሪታንያ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ ያወጣው አጭር ጽሑፍ አለ። በሆስፒታሉ ከሚቆረጡት እጅና እግሮች ብዙዎቹ ከወጌሻ እስር የመጡ መሆናቸውን አየ። ወጌሻዎቹን አልከሰሰም፤ ሰብስቦ አጭር ሥልጠና ሰጣቸው። ከዚያ በኋላ በዚህ ምክንያት የሚቆረጠው ቁጥር ቀነሰ። በጥበብ የረቀቀ ነገር አላስተማራቸውም፤ ጥብቅ እስር ምን እንደሚያደርግና መቼ መላክ እንዳለባቸው ነው የነገራቸው። ይህን ያህል ርካሽ ሆኖ ይህን ያህል ሥጋ ያተረፈ ሥራ በየክልሉ አለመደገሙ ያናድዳል።

አንዳንድ ሐኪም «ከወጌሻ ጋር ቁጭ ማለት እውቅና መስጠት ነው» ይላል። የልምድ አዋላጆችንም ምሳሌ ያነሳል፦ እነሱን ማሠልጠን ተሞከረ፣ በኋላ ግን እናቶች በጤና ተቋም ይውለዱ ተባለ፤ ትክክልም ነበር። ንጽጽሩ መልካም ነው፤ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። አዋላጇን መተው የተቻለው በየጤና ጣቢያው ሚድዋይፍ ስለተመደበ ነው። ለተሰበረ ክንድ ራጅና ጀሶ የሚያገኝ ጤና ጣቢያ ስንት ነው? ምትኩ እስኪመጣ ድረስ ልጁ ክንዱን ይዞ አይጠብቅም። ደግሞም ከዊልክ ክስ እንደታየው መነጋገር ፈቃድ መስጠት አይደለም። የዶክተርነት ማዕረግ ለወጌሻ ይሰጠው ያለ የለም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም አገሮች በአልማ አታ ተሰብስበው የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አጠባበቅን ሲያውጁ፣ በጤና ቡድኑ ውስጥ እንደ አስፈላጊነቱ ባህላዊ ባለሙያዎችም በሚገባ ሠልጥነው እንዲገቡ ተጽፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የኢትዮጵያ የጤና ፖሊሲም ለባህላዊ ሕክምና ጠቃሚ ጎን ትኩረት ይሰጣል ይላል። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው በባህላዊ ሕክምና ስም የዕፅዋት ጥናት አደረገ። ቅጠሉ ተመረመረ፤ የወጌሻው እጅ ግን የሚያየው አላገኘም። ቅጠል በላብራቶሪ ይፈተሻል፤ ወጌሻን ለማየት ግን ቤቱ ድረስ መሄድ፣ በርጩማ ላይ መቀመጥ፣ ቡና መጠጣት ይጠይቃል። ይህ ለሳይንስ መጽሔት አይመችም መሰለኝ ባዩ ብዙ ነው።

በተግባር ምን ይመስላል? የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በአካባቢዋ ያሉትን ወጌሻዎች በስም ታውቃለች፤ አብዛኛውን ጊዜ የአንዷ ጓደኛዋ አባት ናቸው። «አባባ፣ አጥንቱ ቆዳ ቀዶ ከወጣ አይንኩት፤ ቀጥታ ይላኩልን» ማለት ትችላለች። «ካሰሩ በኋላ ማታ ጣቱን ይዩት፤ ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ፣ ወይም ልጁ አልሰማ ካለው ይፍቱት፣ ሌሊትም ቢሆን ይደውሉልኝ» ማለት ትችላለች። «ጀርባውን አመመው ብለው የሚያመጡት ልጅ የሚከሳና ማታ የሚያልበው ከሆነ አክታና ራጅ ይፈልጋል» ማለት ትችላለች። ሦስት ምክር ናቸው፤ ማንበብ አይጠይቁም። የላኩትን ልጅ ደግሞ ጤና ጣቢያው ሲቀበል ወጌሻውን በወላጆቹ ፊት መሳደብ የለበትም፤ ተሰድበው የተመለሱ ሽማግሌ ሁለተኛ አይልኩም።

ልጁ ተሽሎት ሲመለስም ወሬው ወደ እሳቸው መመለስ አለበት። በአሜሪካ ያ መልእክት በኮምፒውተር ፋይል ይሄዳል። እዚህ በቃል ይበቃል፦ «አባባ፣ ያ የላኩት ልጅ የአከርካሪ ቲቢ ነው የተገኘበት፤ መድኃኒት ጀምሯል፣ ጀርባው ሳይጎብጥ ደርሰውለታል።» ይህን የሰሙ ወጌሻ የሚቀጥለውን ልጅ ከማሸታቸው በፊት ሸሚዙን ገልጠው ያዩታል። ስልክ ቁጥራቸውም በጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ፣ ከአምቡላንሱ ቁጥር ሥር ሊጻፍ ይችላል።